ማርሚታ፣ ነጋሪት፣ ዱቡሻ

አርባ ምንጭ ውስጥ የትኛውም ሞተር ሠሪ ጋ ሄዳችሁ «ሳይለንሰር» ብትሉ ሰውየው ትንሽ ያስብና «እ፣ ማርሚታውን ነው?» ይላችኋል። ማርሚታ የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ በአገሩ ድስት ማለት ነው። ጣሊያኖች የጭስ ማውጫው ላይ ያለችውን ድብልብል ቆርቆሮም በዚያው በድስት ስም ይጠሯታል። ከካንዴላ፣ ከፍሪሲዮን፣ ከካቻቢቴና ከፒንሳ ጋር አብራ መጥታ እኛ ጋ ቀረች። ጦሩ በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ቃላቱን ጋራዥ ውስጥ ጥሏቸው ሄደ።

ስለ ማርሚታ ማሰብ የጀመርኩት ግን ስለ ቃሉ ብዬ አይደለም። ሞተሬ ላይ ያለችው ዝጋ ተበስታለች። ሞተሩ አስፋልትም ኮረኮንችም ከሚችሉት፣ ከፍ ብሎ ከቆመው፣ ባለ አንድ ፒስተን ዓይነት ነው። በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ከአርባ ምንጭ የእናቴ ዘመዶች ወዳሉበት ወደ ኦቾሎ እወጣበታለሁ። ምርጫው ሦስት ነው። አንደኛው ኦሪጅናሉን ማርሚታ መግዛት ነው፤ ውድ ነው፣ እሱም ከተገኘ። ሁለተኛው ጎረምሶች ሁሉ የሚያስገጥሙት፣ አጭር፣ የሚያብለጨልጭ፣ የታዋቂ ፋብሪካ ስም የተለጠፈበትና ዋጋው ከኦሪጅናሉ በብዙ የሚያንሰው ነው፤ እሱ ያጓራል። ሦስተኛው ያለውን ማስበየድ ነው።

ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ኦቾሎ የሚባለውን ቦታ ለሚያውቅ ግን ቀላል አይደለም። ኦቾሎ ከአባያ ሐይቅ በላይ፣ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ገደል ላይ የተሰቀለ የዓለት መንደር ነው። ታች የተነሳ ድምፅ ላይ ይሰማል፤ ላይ የተነሳም ታች። ሰዎቹም ከጥንት ጀምሮ ጉዳያቸውን የሚጨርሱት ሜዳ ላይ ተቀምጠው በመነጋገር ነው። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ የሚያጓራ ሞተር ይዞ መውጣት ምን ማለት ነው? ይህን ለመመለስ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ድስቷ ውስጥ ምን አለ?

ሞተር የሚሠራው በፍንዳታ ነው። ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር አንዷ ፒስተን በደቂቃ 3,000 ጊዜ ታፈነዳለች፤ ማለትም በሴኮንድ 50 ጊዜ። እያንዳንዱ ፍንዳታ በጭስ ማውጫው በኩል አንድ የግፊት ማዕበል ይልካል። ያ ማዕበል ዝም ብሎ ቢወጣ የምንሰማው የመትረየስ ዓይነት ድምፅ ነበር።

ማርሚታ ይህን ማዕበል በሁለት መንገድ ታደክመዋለች። አንደኛው ክፍል ክፍል ባለው ሳጥን ውስጥ እያጋጩ ማዕበሉን ከራሱ ጋር ማጣላት ነው። ሁለተኛው ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ቱቦ ዙሪያ እንደ ጥጥ ያለ የመስታወት ጭረት ጠቅጥቆ ድምፁን ማስዋጥ ነው። ፋብሪካው የሚሰጣችሁ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ነው፤ ከባድ ነው ግን ዝም ያሰኛል። ለብቻው የሚሸጠው ሁለተኛው ነው፤ ቀላል ነው፣ ጥጡ ሲቃጠል ግን ባዶ ቱቦ ይሆናል። ሰፈር ውስጥ የሚደረገው ደግሞ ሦስተኛ መንገድ ነው። ማርሚታዋን በፍሌክስ ቆርጦ አንጀቷን አውጥቶ መልሶ መበየድ! ያኔ ድስቷ ድስት ብቻ ሆና ትቀራለች።

የዚህች ዕቃ ታሪክ ከመኪናው ታሪክ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ሚልተን እና ማርሻል ሪቭስ የተባሉ አሜሪካዊ ወንድማማቾች ለሞተር ድምፅ ማፈኛ ፓተንት ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1897፣ ማለትም ከዓድዋ በኋላ ባለው ዓመት ነው። ከእነሱ በላይ የሚገርመኝ ግን የማክሲም ቤተሰብ ነው። አባትየው ሂራም ስቲቨንስ ማክሲም፣ የአውሮፓ ኃያላን አፍሪካን የተቀራመቱበትን የማክሲም መትረየስ የፈለሰፈ ሰው ነው። ሲተኩስ ኖሮ በእርጅናው ጆሮው ክፉኛ ደነቆረ። ልጅየው ሂራም ፐርሲ ማክሲም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1909 የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ ፓተንት አወጣ፤ በዚያው ዘዴም የሞተር ድምፅ ማፈኛ ሠራ። አባት የዘመኑን ጩኸት ሠራ፣ ልጅ ሊያፍነው ዕድሜውን ጨረሰ። የአንድ ቤት ጉድ!

«ጉልበት ይጨምራል» የሚለው ነገር

የሚያጓራውን ማርሚታ የሚሸጥላችሁ ሰው መጀመሪያ የሚላችሁ «ጉልበት ይጨምራል» ነው። ይህ ንግግር ከየት መጣ? ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ የታወቀ ሥር አለው።

ሥሩ ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ነው። ኤምዜድ በሚባለው ፋብሪካ ዋልተር ካደን የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የባለ ሁለት ምት ሞተር ጭስ ማውጫ ዝም ብሎ ቱቦ እንዳልሆነ አሳየ። መሐሉን አሳብጦ መጨረሻውን ቢያጠበው የሚወጣው ማዕበል ይመለስና ሊያመልጥ የነበረውን ያልተቃጠለ ነዳጅ መልሶ ሲሊንደሩ ውስጥ ይከተዋል። የጭስ ማውጫው ቅርጽ የሞተሩ አካል ሆነ ማለት ነው። የፋብሪካው ተወዳዳሪ ኤርንስት ዴግነር እ.ኤ.አ. በ1961 ስዊድን ውስጥ ለውድድር በሄደበት ከድቶ ያንን እውቀት ለሱዙኪ ይዞ ሄደ፤ በሚቀጥለው ዓመት በ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን አቶምና ሮኬት ብቻ አልነበረም የሚሰረቀው፤ የጭስ ማውጫ ቅርጽም ይሰረቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጃፓኖች ገበያውን ያዙ። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣው ዲቲ-1 የሚባለው ባለ 250 ሲሲ ሞተር፣ መብራትና ታርጋ ያለው ሆኖ ጫካና አሸዋ የሚገባ፣ ለተራ ሰው የሚሆን የመጀመሪያው ትልቅ ስኬት ነበር። እኔ የምነዳው ዓይነት ሞተር የዘር ግንዱ ከዚያ ይመዘዛል። ያ ትውልድ ባለ ሁለት ምት ስለነበር ማርሚታ ሲቀየርለት በእርግጥ ይለወጥ ነበር። «ማርሚታ ቀይር፣ ጉልበት ታገኛለህ» የሚለው እምነት ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው።

ዛሬ ግን እኛ የምንነዳው በአብዛኛው ትንሽ ባለ አራት ምት ነው። እሱ ላይ ማርሚታ ብቻውን የሚጨምረው ጥቂት ነው። ያችም ጥቂት የምትመጣው ሞተሩ በጣም ሲጮህ፣ ከፍተኛ ዙር ላይ ነው። ዳገት ላይ የምንፈልገው ደግሞ የታችኛውን ጉልበት ነው፤ አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ላይ ቀስ ብሎ የሚጎትተውን። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የኦቾሎ መንገድ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። ካርቦራቶሩ ግን የሚያውቀው ታች የተስተካከለበትን ስለሆነ ነዳጅ ያበዛል፤ ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። በዚህ ጊዜ ክፍት ማርሚታ ብታስገጥሙ ድብልቁ ይሳሳና ሞተሩ ትንሽ የተነፈሰ ይመስላል። «አየህ? ጉልበት ጨመረ!» ትላላችሁ። ያው ለውጥ የዣክሌር ቁጥር በመቀየር፣ በጥቂት ብር፣ ያለ ምንም ጩኸት የሚገኝ ነው። ወደ አርባ ምንጭ ስትወርዱ ደግሞ ድብልቁ ከሚገባው በላይ ይሳሳል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ጋዝ ስትለቁ «ጧ! ጧ!» ይላል። ጧ ጧታውን የሚወዱት አሉ። ያልተቃጠለ ነዳጅ ማርሚታ ውስጥ ሲቃጠል ነው፤ ቤንዚን ወረፋ በሚያዝበት አገር በገንዘብ ርችት እንደመተኮስ ነው።

ጩኸት የማን ነበር?

በአገራችን ታሪክ ውስጥ ድምፅ ማሰማት ተራ ነገር አልነበረም። የመኳንንት ማዕረግ ከፊታቸው በሚጎሰመው ነጋሪት ብዛት ይታወቅ ነበር። አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት ተጎስሞ ነው። በ1934 ዓ.ም. የመንግሥት የሕግ ጋዜጣ ሲቋቋም ስሙ ሌላ ሊሆን አልቻለም፤ «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ። ወረቀቱ ድምፅ የለውም፣ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ይጎሰማል። ጮክ ማለት የሥልጣን ምልክት ነበር፤ ሌላው ሰው ዝም ብሎ ይሰማል።

የሞተር ድምፅም የመጣው በዚሁ በር ነው። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አዲስ አበባ ሲገቡ በቀጥታ የሄዱት ወደ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ድምፁ የወራሪ ሆነ፤ ከደሴ ተነስቶ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የገባው የባዶልዮ ጦር ከሺህ በላይ ተሽከርካሪ ይዞ ነበር። በሩቅ የሚሰማ የሞተር ድምፅ ለአንድ ትውልድ ማለት «ሽሽ» ማለት ነበር።

ከዚያ በኋላ ገጠሩን የለመደው ሌላ ድምፅ ነው። የፕሮጀክት ሞተር። የወባ መከላከል ሠራተኛ፣ የግብርና ባለሙያ፣ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ በያማሃ ዲቲ፣ በሆንዳ ኤክስኤል ወይም በያማሃ ኤጂ ይመጣ ነበር። ኤጂ የተሠራው በመጀመሪያ ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ ገበሬዎች ነው። መቆሚያው በግራም በቀኝም ነው፤ ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል፤ ከፊትም ከኋላም ዕቃ ይጭናል። ከብት መሐል ለሚሠራ ሰው የተሠራ ስለሆነ ጉራ የለበትም። ኦቾሎ ደግሞ በሕክምና ጽሑፎች የታወቀ ስም ነው፤ በዓለቱ ዋሻዎች ውስጥ ሽኮኮ ይኖራል፣ የአሸዋ ዝንብ ከሽኮኮው ወደ ሰው ቁንጭር ታስተላልፋለች፣ ይህንንም ሊያጠኑ ተመራማሪዎች ለአሥርተ ዓመታት ተመላልሰዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ ሞተር ሲሰማ ሰው መጣ ማለት ነው፤ አንዳንዴም መድኃኒት መጣ ማለት ነው።

አሁን ያለው ድምፅ ደግሞ የእኛ የወጣቶቹ ነው። ሰው የሚያመላልሰው፣ ሙዝና ማንጎ የሚጭነው፣ ማታ ከጓደኞቹ ጋር የሚዞረው ልጅ ድምፅ። ነገር ግን ይህ ድምፅ ስሙ ጠፍቷል። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ስታግድ፣ ፈቃድ ከተሰጣቸው በስተቀር፣ የተሰጠው ምክንያት ቅሚያና ወንጀል ነበር። ከኋላ ሞተር ሲመጣ ቦርሳን ጠበቅ ማድረግ የተለመደው በከንቱ አይደለም። በሐቅ እንጀራውን የሚበላው ብዙው ልጅ ግን አብሮ ተቀጣ። ስም ያለው ነገር ነው፤ የአንዱ ጩኸት የሁሉ ጩኸት ተደርጎ ይቆጠራል።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ዴሲቤል ብልጥ መለኪያ ነው፤ ሰውን ያታልላል። 80 እና 90 ሲባል ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። እውነታው ግን 10 ዴሲቤል ሲጨምር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ይሆናል፤ ለጆሯችን ደግሞ እጥፍ ያህል የጮኸ ይመስላል።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 የድምፅ ቁጥጥር ሕግ አወጣች። በዚያ ሕግ መሠረት የመንገድ ሞተር ሳይክሎች ከ1983 ጀምሮ ከ83፣ ከ1986 ጀምሮ ከ80 ዴሲቤል እንዳይበልጡ ተወሰነ። የሚያስቀው ነገር፣ ሕጉን የሚያስፈጽመው የድምፅ ቢሮ በሬገን ዘመን መጀመሪያ በጀቱ ተቆርጦ ተዘጋ። ሕጉ አለ፣ የሚጠብቀው የለም። በአውሮፓና በሌሎች አገሮች በሚሠራበት ደንብ ደግሞ አዲስ ሞተር ሲፈተን በ7.5 ሜትር ርቀት እንደ ጉልበቱ መጠን ከ73 እስከ 77 ዴሲቤል ነው የሚፈቀድለት።

እኛስ? የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ከብክለት ቆጥሮታል። የወጣው ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ ለንግድ አካባቢ 65 እና 55፤ ለኢንዱስትሪ 75 እና 70። ልብ በሉ፣ የዝምታው ሕግ የታተመው በነጋሪት ስም በተጠራ ጋዜጣ ላይ ነው! ግን ከሰማነው ስንቶቻችን ነን?

አሁን ወደ ዓለቱ እንመለስና ሒሳብ እንሥራ። ክፍት ሜዳ ላይ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። አንዱ ሞተር 77፣ ሌላው አንጀቷ በወጣ ማርሚታ 95 ዴሲቤል ይጮሃል እንበል። ልዩነቱ 18 ነው፤ ሦስት ጊዜ እጥፍ ማለት ነው፤ ሁለት በሁለት በሁለት፣ ስምንት። ስለዚህ የመጀመሪያው ሞተር 100 ሜትር ላይ የሚሰማውን ያህል ሁለተኛው 800 ሜትር ላይ ይሰማል። በርቀት ስምንት እጥፍ ከሆነ በስፋት 64 እጥፍ ነው። አንድ ልጅ ብቻውን የ64 ሰው ቦታ ይዞ እንደመቀመጥ ነው። ገደልና ዓለት ደግሞ ድምፁን መልሶ ይወረውራል፤ ሒሳቡ ከዚህ ቢከፋ እንጂ አይሻልም።

የነጂውም ጆሮ አለ። የሙያ ጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት 85 ዴሲቤል ላይ በቀን ከ8 ሰዓት እንዳይበልጥ ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ያጥራል፤ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ሰው የሚያመላልስ ልጅ ስንት 15 ደቂቃ አለው? የአባት ማክሲም ጆሮ የደነቆረው በአንድ ቀን አልነበረም።

«ጩኸት ነፍስ ያድናል»

ይህን ክርክር አቃልዬ አላልፈውም፤ የነፍስ ነገር ነውና። ጓደኞቼ «መንገድ ላይ በግ አለ፣ አህያ አለ፣ ሕፃን አለ። ካልሰሙህ አይወጡልህም» ይላሉ። እውነት አላቸው። መንገዳችን የሁሉም ነው።

ግን እንመርምረው። እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመውና በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ አካባቢ ከ900 በላይ የሞተር ሳይክል አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄዶ የመረመረው የሃሪ ኸርት ጥናት ያገኘው አንድ ነገር አለ። ነጂውን የጎዳው አደጋ ከሦስት አራተኛ በላይ የመጣው ከፊት ለፊት አካባቢ ነው። ማርሚታ ደግሞ የሚጮኸው ወደ ኋላ ነው። አደጋው ከፊት ነው፣ ጩኸቱ ከኋላ። ካለፋችሁት በኋላ ነው አብዛኛው ሰው በደንብ የሚሰማችሁ። ወደ ፊት የሚጮህ፣ ስትፈልጉት ብቻ የሚጮህ፣ ስትተዉት ዝም የሚል ዕቃ ሞተሩ ላይ አለ፤ ክላክስ ይባላል። አህያን በተመለከተም፣ በድንገት የሚያጓራ ነገር ሲመጣባት ወደ ዳር ትወጣለች ወይስ ወደ መሐል ትገባለች? አህያ የነዳ ያውቃል።

አሜሪካ ውስጥ ጫካ የሚነዱት ራሳቸው ሌላ ነገር ተምረዋል። ጩኸት በበዛ ቁጥር መንገድ ይዘጋል፤ ባለመሬቱ ያማርራል፣ መንግሥት በር ይቆልፋል። ስለዚህ የነጂዎቹ ማኅበራት ራሳቸው «ዝም በሉ፣ መሬት እንዳናጣ» ብለው መከሩ። የአዲስ አበባውን 2011 ላየ ሰው ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም።

ዱቡሻ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። ጋሞ ውስጥ ዱቡሻ የሚባል ነገር አለ፤ የጉባኤ ሜዳ ነው። ሰው ደጅ ላይ፣ ሣር ወይም ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። በምርቃት ይከፈታል፣ በምርቃት ይዘጋል። በመሐሉ ተራ ተይዞ ይነገራል፤ የመሬት ጠብ፣ የደም ነገር፣ የመንገድ ሥራ፣ ሁሉም። ማይክ የለም። ኦቾሎ በዚህ ነገር እስከ ፈረንሳይ ድረስ ታውቃለች። የክሎድ ሌቪ-ስትሮስ ተማሪ የነበረው ማርክ አቤሌስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኦቾሎ መጥቶ ኖሮ፣ ሰዎቹ በጉባኤ እንዴት ራሳቸውን እንደሚያስተዳድሩ አጥንቶ በ1983 መጽሐፍ አሳተመ። በኋላ ደግሞ ያንኑ ዓይኑን ይዞ ሄዶ የአውሮፓ ፓርላማን አጠና። ስለ ሁለትና ሦስት እግር ተሽከርካሪዎች፣ ድምፃቸውንም ጨምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንብ ያወጣው ያው የአውሮፓ ፓርላማ ነው። በሰው ጉባኤ መመርመር የጀመረ ሰው ከእኛ ዓለት ተነስቶ እዚያ መድረሱ ደስ ይለኛል።

ጉባኤ የሚቆመው በመስማት ነው። አንድ ሽማግሌ በተፈጥሮ ድምፁ ተናግሮ ከሜዳው ዳር ያለው ሰው መስማት አለበት። የሰው ንግግር አንድ ሜትር ላይ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ሃያ ሜትር ላይ ምን ያህል እንደሚቀር አስቡት። የሚያጓራ ሞተር ሲያልፍ የሚሆነውን አይቻለሁ። የሚናገረው ሰው አይቆጣም፣ አይሳደብም። ያቆማል። ሁሉም ያቆማል። ሞተሩ ዳገቱን እስኪጨርስ ይጠበቃል፤ ከዚያ «ምን ላይ ነበርኩ?» ይላል። ለስንት ሰው የተከፋፈለ አንድ ደቂቃ ነው የተወሰደው?

የዚህን ነገር ክብደት ያወቅነው መስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። ቡራዩና አካባቢው ላይ ከደረሰው ግድያ በኋላ አርባ ምንጭ ውስጥ ወጣቱ በቁጣ ወጣ። የጋሞ አባቶች ለምለም ሣር በእጃቸው ይዘው ከፊቱ ተንበረከኩ። በባህሉ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ ረግጦ ማለፍ ነውር ነው፣ ጎሜ ነው። ወጣቱ ቆመ፣ ተመለሰ። የተቆጣን ሰልፍ ያቆመው ነጋሪት አልነበረም፣ ድምፅ ማጉያም አልነበረም። ዝም ብሎ የተያዘ ሣር ነበር።

ይሁን እንጂ ዱቡሻን ቅዱስ አድርጌ አልስለውም። ዝምታው ለሁሉም እኩል አልነበረም። በድሮው ሥርዓት ሴቶች እንደ ሙሉ ተናጋሪ አይቀመጡም ነበር፤ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ከዜጋ አይቆጠሩም ነበር። ዛሬም ቢሆን ያላገባ፣ መሬት የሌለው፣ ሞተር በኪራይ የሚነዳ ልጅ ተነስቶ ሲናገር ስንት ሰው ያደምጠዋል? አንድ ወዳጄ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የጨረሰልኝ። «እኔ ስናገር ማንም ዞር አይልም፤ ሞተሬን ሳስነሳ ግን ሁሉም ዞር ይላል።» ይህን መልስ ማጣጣል አይቻልም። ጩኸቱ ከቱቦው ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ተራ ካለማግኘትም ነው የሚመጣው።

ግን ወዳጄን የጠየቅሁት ይህንን ነው። ዞር ካሉ በኋላ ምን ሰሙ? ነጋሪት እንኳ ከኋላው አዋጅ ነበረው። ማርሚታ ከኋላዋ ምንም የላትም። ደግሞ ጩኸቱ የሚያርፈው ማን ላይ ነው? ሽማግሌው ጉባኤውን ጨርሶ ቤቱ ይገባል። ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር ተቀምጣ የምትሸጠው፣ ሌሊት ሕፃን የምታባብለው፣ ታማ የተኛችው እሷ ናት። ድሮም ተራ ያላገኘችው ሰው ላይ ሌላ ጩኸት መጨመር ተራን ማስመለስ አይደለም።

ታዲያ ምን ወሰንኩ?

ኦሪጅናሉን ለጊዜው አልችለውም። የሚያጓራውንም አልገዛም። ያለችኝን ማርሚታ አስበይዳለሁ፤ ቀዳዳዋ ላይ ቆርቆሮ ይለጠፋል፣ መጋጠሚያዋ ላይ አዲስ ጓርኒሲዮን ይገባል፣ ካርቦራቶሩ ለከፍታው ይስተካከላል። ክላክሱን ደግሞ ጥሩ አደርገዋለሁ። ዳገቱ ላይ ከጓደኞቼ ወደ ኋላ እቀር ይሆናል፤ ብዙም አልቀርም።

አጎቴን ስለዚህ ነገር ሳማክራቸው «ልጄ፣ ሞተር ይጮሃል፤ ምን ይደረግ» ብለው ተዉት። እኔ ግን የሚደረግ ነገር ያለ ይመስለኛል። 45 ዴሲቤል የሚለውን ደረጃ የሚለካ መሣሪያ ይዞ ኦቾሎ የሚወጣ ተቆጣጣሪ በቅርቡ አይመጣም። ፈረንሳይ ጩኸት የሚለካ ራዳር መንገድ ላይ ሞክራለች፤ እኛ ጋ ያ ሩቅ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ሞተሮች ቁጥር መጨመሩ አይቀርም፤ ምናልባት ከአሥር ዓመት በኋላ ይህ ጽሑፍ ሁሉ ተረት ይሆናል። እስከዚያው ግን ሜዳው አለ። የሞተር ነጂዎች ጉዳይ ዱቡሻ ይውጣ፤ ነጂዎቹም እንደ ተከሳሽ ሳይሆን እንደ ተናጋሪ ይቀመጡ። ጉባኤ ባለበት ሰዓት ሞተር ጠፍቶ በእጅ ይገፋ፣ ወይም በሌላ መንገድ ይዙር፣ ሌሊት በሽተኛ ካልያዘ በስተቀር ዳገቱ ላይ ጋዝ አይረገጥ። በምትኩ ለልጆቹ በጉባኤው ላይ የመናገሪያ ተራ ይሰጣቸው። ይህ ውል ከወጣ ያለ ፖሊስ ይጠበቃል፤ ሣር የሚያከብር ሰው ቃሉንም ያከብራል።

ወዳጄ በዚህ አልተስማማም። «መጀመሪያ ተራውን ይስጡኝ፣ ከዚያ ማርሚታውን እመልሳለሁ» ይላል። እሱም ራሱ ዱቡሻ ላይ የሚባል ነገር ነው። በሚቀጥለው ጉባኤ አብረን ሄደን እናነሳዋለን፤ እሱ ይናገራል፣ እኔ ሞተሮቹን እጠብቃለሁ።